የንጉሥ ፊት የሌለበት ሳንቲም

የጥንት የቻይና ሳንቲም ላይ የንጉሥ ፊት አታገኙም። አንበሳ የለም፣ ዘውድ የለም፣ ጦር የያዘ ሰው የለም። ክብ ነሐስ፣ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ሁለት ወይም አራት ፊደል። በቃ። ይህ መልክ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል። ሥርወ መንግሥት ወድቆ ሌላ ሲተካ ፊደሎቹ ይቀየራሉ፣ ቀዳዳው ግን አለ።

እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝ ሌላም ምክንያት አለ። የትልልቆቹ ገንዘብ ወርቅና ብር ነው። ይህ ግን የጨው፣ የአትክልት፣ የአንድ ቀን ጉልበት ገንዘብ ነበር። አንዱ ብቻውን ብዙ አይገዛም። ስለዚህ የሳንቲሙን ታሪክ ስትከተሉ ሳታስቡት የተራውን ሰው ታሪክ ትከተላላችሁ። ቤተ መንግሥት በሳንቲሙ ክብደት ላይ እጁን ባስገባ ቁጥር ቀድሞ የሚጎዳው ገበያ የወጣው ሰው ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ጋ አንድ አለ። ጓንዡ እየተመላለሰ የሚነግድ ዘመዴ ያመጣልኝ ነው። የንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ሳንቲም ነው፤ ዘመኑ ከ1736 እስከ 1795። እጅግ ብዙ ስለተሠራ ብርቅ አይደለም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። በፊቱ አራት የቻይና ፊደል፣ በጀርባው የማንቹ፣ ማለትም ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው ሕዝብ፣ ጽሕፈት አለበት። ጠርዙን በጥፍር ስትዳስሱት ለስላሳ አይደለም። ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። የሞረድ ጭረት ነው። እኔ ከፊደሉ ይልቅ እነዚያን ጭረቶች ነው የምወዳቸው፤ ምክንያቱም አንድ ሠራተኛ በእጁ የተወው ምልክት ነው።

የቻይና ሳንቲም በመዶሻ አይመታም። ቀልጦ ይፈስሳል። አሠራሩን ሶንግ ዪንግሺንግ የሚባል የሚንግ ዘመን ምሁር በ1637 ባሳተመው የሙያዎች መጽሐፍ ውስጥ ቁልጭ አድርጎ አስፍሮታል። መጀመሪያ እናት ሳንቲሞች ይዘጋጃሉ። ቲን ከሚባለው ለስላሳ ብረት በእጅ የተቀረጹ ናቸው፤ ለአንድ ፎርማ መቶ ያህል ይበቃሉ። ከዚያ የእንጨት ክፈፍ ይመጣል። ውስጡ በጣም የላመ አፈርና የከሰል ዱቄት ይጠቀጠቅበታል። እናት ሳንቲሞቹ አፈሩ ላይ ይደረደራሉ። ሌላ አፈር የሞላ ክፈፍ ከላይ ይከደናል። ሁለቱ ተጣብቀው ሲገለበጡ እናቶቹ ወደ አዲሱ ክፈፍ ይሻገራሉ፤ በአሮጌው ላይ አሻራቸው ይቀራል። ደግሞ ሌላ ክፈፍ፣ ደግሞ ግልበጣ። እንዲህ እያለ ከአሥር በላይ ፎርማ ሲሞላ አንድ ላይ በገመድ ይታሰራል።

ብረቱ የሚቀልጠው በሸክላ ማቅለጫ ነው። አንዱ ሠራተኛ የንስር መንቆር በመሰለ ጉጠት ማቅለጫውን ከእሳቱ ያወጣል። ሌላው በራሱ ጉጠት ሥሩን ደግፎ ያግዘዋል። ሁለቱ ተጋግዘው የቀለጠውን ወደ ፎርማው ቀዳዳ ያፈሱታል። ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ የማስበው እግራቸውን ነው። አንድ ጠብታ ብትስት ሰው ትሰነክላለች። ሥራው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው።

ሲቀዘቅዝ ገመዱ ይፈታል። ሳንቲሞቹ ብረቱ በወረደበት ግንድ ላይ ግራና ቀኝ ተያይዘው ይወጣሉ። ጸሐፊው ራሱ ቅርንጫፍ ላይ ያለ አበባና ፍሬ ይመስላሉ ይላል። ከግንዱ እየተቆረጡ ይለቀማሉ። ቀጥሎ የሞረድ ሥራ ነው። በካሬው ቀዳዳ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ዘንግ ይገባና ብዙ መቶ ሳንቲም በአንዴ ይሰካል። ከዚያ ጠርዛቸው አብሮ ይሞረዳል። ቀዳዳው ክብ ቢሆን ኖሮ ሳንቲሙ ዘንጉ ላይ እየተሽከረከረ ያስቸግር ነበር። ካሬ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። የጥንት ቻይናውያን ሰማይ ክብ ነው፣ ምድር አራት ማዕዘን ናት ይሉ ነበር። ሳንቲሙም የሰማይና የምድር አምሳል ነው ይባላል። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው። እኔ ግን ሞረድ የያዘውን ሠራተኛ ነው የማምነው።

የኛዎቹ አክሱማውያን በሌላ መንገድ ነው የሄዱት። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ማለትም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ሳንቲማቸውን በመዶሻ ይመቱ ነበር። ከላይና ከታች የተቀረጸ ማኅተም፣ መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ወርቅ፣ ብር ወይም ነሐስ፣ ከዚያ ምት። የንጉሡ መልክ በጉልህ ይታያል፤ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ይከበዋል። ነገር ግን ነሐሱን ሳንቲም ልብ በሉ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በወጡት ላይ በግሪክኛ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለ። ወርቁ ለባሕር ማዶ ነጋዴ ነው፤ ነሐሱ ለሀገር ገበያ። አክሱም ላይ የነሐስ ሳንቲም የያዘውን ሰው ደስ ማሰኘት እንደሚገባ ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ይዛችሁ ወደ ቻይና ተመለሱ።

ከሳንቲም በፊት ቻይናውያን ዛጎል ያከማቹ ነበር። በ1976 አንያንግ ውስጥ በተቆፈረው የፉ ሃዎ መቃብር ከ6,000 በላይ ዛጎል ተገኝቷል። እሷ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1200 ገደማ የኖረች የንጉሥ ሚስትና የጦር አዛዥ ነበረች። ከዚያ የነሐስ ገንዘብ መጣ። የመጀመሪያው ግን ክብ አልነበረም። በአንዳንዱ ግዛት የአካፋ ቅርጽ ነበረው፣ በሌላው የቢላ። በሄናን ግዛት ጓንጁዋንግ በሚባል ቦታ አርኪዮሎጂስቶች የአካፋ ሳንቲም ይፈስበት የነበረ ፋብሪካ አግኝተዋል። ጥናቱ በ2021 ሲወጣ ዕድሜውን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ640 እስከ 550 ባለው ጊዜ አስቀምጦታል። እስካሁን በዓለም ላይ ዕድሜው በትክክል ከታወቀ የሳንቲም ማምረቻ ሁሉ ጥንታዊው እሱ ነው። የተሰባበረ የሸክላ ፎርማም እዚያው ተገኝቷል። ገንዘቡ ገና ሲጀመር የገበሬ መሣሪያ ይመስል ነበር ማለት ነው፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በ221 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቺን ንጉሥ ቻይናን አንድ ሲያደርግ አካፋውም ቢላውም ቀረ። በየቦታው ባለ ካሬ ቀዳዳ ክቡ ሳንቲም ብቻ እንዲሠራበት ተደረገ። ስሙ ባን ሊያንግ ነው፤ መደበኛው ክብደት ስምንት ግራም ያህል።

የሃን መንግሥት ሲተካ የቺን ሳንቲም ከብዷል ተባለና ሰው ራሱ እንዲያቀልጥ ተፈቀደ። ሳንቲሙ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። በኋላ ሕዝቡ የዛፍ ፍሬ ስም አወጣለት፤ ቀጭንና ቀላል የሆነችውን የኤልም ዛፍ ፍሬ። በ175 ከክርስቶስ ልደት በፊት ንጉሠ ነገሥት ዌን የግል ሳንቲም ማፍሰስን እንደገና ሲፈቅድ ጂያ ዪ የሚባል ወጣት ሹም አጥብቆ ተቃወመ። ገበሬው ማረሻውን ጥሎ መዳብ ሊቆፍር ሄዷል፣ እርሻው ተትቷል አለ። ማንም አልሰማውም።

የዚያን ዘመን የሚያሳይ አንድ ሰው አለ፤ ዴንግ ቶንግ ይባላል። የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ባለሟል ነበር። አንድ ፊት አንባቢ «ይህ ሰው በረሃብ ይሞታል» ብሎ ተነበየለት። ንጉሠ ነገሥቱ «ሀብታም የማደርገው እኔ ነኝ፣ እንዴት ሆኖ!» አለና በሲቹዋን በኩል የመዳብ ተራራ ሰጠው። ሳንቲም እንዲያፈስም ፈቀደለት። የዴንግ ቶንግ ሳንቲም ሀገሩን አጥለቀለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞት ግን አልጋ ወራሹ ቂም ነበረውና ንብረቱን ሁሉ ወረሰው። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺያን እንደሚነግረን ያ ሁሉ ሳንቲም የፈሰሰበት ሰው የኔ የሚለው አንዲት ሳንቲም ሳይኖረው በሰው ቤት ሞተ።

የሌቦቹም ዘዴ የሚገርም ነበር። የባን ሊያንግ ጀርባ ልሙጥ ነው። ስለዚህ ሰዎች ጀርባውን እየፋቁ የመዳብ ብናኝ ያጠራቅሙና አቅልጠው አዲስ ሳንቲም ያወጡበታል። የተፋቀውን መልሰው ገበያ ላይ ያጠፉታል። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ሆነ። በ118 ከክርስቶስ ልደት በፊት «ዉ ዙ» የተባለውን ሳንቲም ንጉሠ ነገሥት ዉ ሲያወጣ ጠርዙ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር ተደረገለት። አሁን የፋቀ ሰው ይታወቅበታል። ዛሬ በኪሳችን ያለውን ሳንቲም ብታዩት ዙሪያው ያ ከንፈር አለው። በ113 ደግሞ ሳንቲም ማፍሰስ የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ ብቻ ሆነ። ክብደቱ ሦስት ግራም ከግማሽ የማይሞላው ይህ ሳንቲም ለሰባት መቶ ዓመት ያህል፣ እስከ 621 ድረስ፣ እየወደቀና እየተነሣ አገልግሏል። በመጀመሪያዎቹ 120 ዓመታት ብቻ 28 ቢሊዮን መሠራቱን «የሃን ታሪክ» የሚባለው መጽሐፍ መዝግቧል። ልኩን ጠብቆ የተሠራ ተራ ሳንቲም ይህን ያህል ይቆያል።

ዋንግ ማንግ ይህን ነው ያፈረሰው። መጀመሪያ የሕፃን ንጉሠ ነገሥት ሞግዚት ነበር፤ በ9 ዓ.ም. ዙፋኑን ራሱ ወሰደው። በ7 ዓ.ም. ገና ሞግዚት ሳለ የቢላ ቅርጽ ያለው ሳንቲም አወጣ። ላዩ ላይ ሁለት ፊደላት በወርቅ ተሞልተዋል፤ ዋጋው አምስት ሺህ ዉ ዙ ነው ተባለ። ነሐሱ ቢመዘን የጥቂት ዉ ዙ ያህል ብቻ የሆነ ዕቃ ነው። በ10 ዓ.ም. ወርቁን፣ ብሩን፣ የኤሊ ልብሱን፣ ዛጎሉን፣ አካፋውን፣ ክቡን ጨምሮ 28 ዓይነት ገንዘብ በአንድ ጊዜ አወጀ። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት 28ቱን በምን ታስተያያቸው? ሰው በድብቅ በአሮጌው ዉ ዙ መገበያየት ቀጠለ። ዋንግ ማንግ ዉ ዙ የያዘ ይጋዛል አለ። የሃን ታሪክ እንደሚለው ገበሬውም ነጋዴውም ሥራ ፈታ፣ ሰው በገበያ መንገድ ላይ ቆሞ አለቀሰ። በድብቅ ያቀለጠ ሰው ሲያዝ አምስት ጎረቤት ቤተሰብ አብሮ ይጠየቃል። በሰንሰለት ታስረው ወደ ዋና ከተማው ቻንግአን ማቅለጫ የተነዱት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ እንደነበሩ፣ ከአሥሩ ስድስት ሰባቱ እንደሞቱ ያው ታሪክ ይነግረናል። በ23 ዓ.ም. አማፅያን ቤተ መንግሥቱ ገብተው ገደሉት።

የዋንግ ማንግ ሳንቲሞች ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሁሉ የሚመኟቸው ናቸው። ፊደላቸው ቀጭን፣ ልከኛ፣ እጅግ ውብ ነው። ያ ወርቅ የገባበት ቢላ በፎቶ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። አክሱማውያንም ነሐሱ ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ይቀቡ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ። የዋንግ ማንግን ግን ሰንሰለቱን ሳላስብ ማየት አቅቶኛል። በውበቱ ምክንያት ብቻ የሚያደንቁትን ሰዎች ብዙም አልረዳቸውም።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። አንዱ ሳንቲም ትንሽ ስለሚገዛ ሰው በገመድ እየሰካ ይይዘዋል። አንድ ሙሉ ገመድ አንድ ሺህ ነው። በንጉሠ ነገሥት ዉ መጀመሪያ ዓመታት ግምጃ ቤቱ ከመጥገቡ የተነሣ ገመዱ በስብሶ ሳንቲሙ መቁጠር እስኪያቅት ተበታትኗል ይላል ሲማ ቺያን። ይህን በዓይናችን ያየነው በቅርቡ ነው። ናንቻንግ አጠገብ የሊዩ ሄ መቃብር ከ2011 ጀምሮ ሲቆፈር ሁለት ሚሊዮን ያህል ዉ ዙ ተገኘ። ክብደቱ ከአሥር ቶን በላይ ነው። ሊዩ ሄ በ74 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለ27 ቀን ብቻ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የተሻረ ሰው ነው። በመቃብሩ ውስጥ ሳንቲሙ ተከምሮ አንዱ ከሌላው ተጋግሯል፤ በሺህ በሺህ እንደተሰካም ይታያል። ያን ያህል የድሃ ገንዘብ አንድ የተሻረ መስፍን ይዞት ወደ መሬት ገባ።

አንድ መቶ ሲባል ግን መቶ አይደለም። ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ክፍል ነው። ነጋዴዎች ከገመዱ ጥቂት ሳንቲም እየቀነሱ «መቶ» ብለው ይሰጣሉ፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ይቀበላል። በ977 የሶንግ መንግሥት ነገሩን አምኖ ተቀበለና በመንግሥት ሂሳብ 77 ሳንቲም መቶ ይባል አለ። በዋና ከተማው ካይፌንግ ግን ገበያው የራሱ ሕግ ነበረው። በተራው ገበያ 75 መቶ ነው። ዓሣ፣ ሥጋና አትክልት ተራ 72። ወርቅና ብር ቤት 74። ዕንቁ ስትገዙ፣ የቤት ሠራተኛ ስትቀጥሩ 68። ለጽሑፍ ሥራ 56! እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ጠዋት ዓሣ ገዝቶ፣ ከሰዓት ደብዳቤ አጽፎ፣ ማታ ቀረጥ ሊከፍል ሲሄድ መቶው ሦስት ጊዜ ተለዋውጦበታል። ደግሞ ማንም አይሳሳትም። የገበያ ሰው ጭንቅላት ከቤተ መንግሥት ሂሳብ እንደሚልቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

መዳብ ሁልጊዜ ይጎድላል። የመዳቡ ዋጋ ከሳንቲሙ ዋጋ ሲበልጥ ሰው ሳንቲሙን አቅልጦ ዕቃ ይሠራበታል። ተቃራኒውም ሆኗል። በ845 የታንጉ ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ የቡድሃ ገዳማትን ሲያፈርስ ደወሉና ሐውልቱ ቀልጦ ሳንቲም ሆነ። በጀርባው የተሠራበት ከተማ ስም ስላለ እነዚያን ሳንቲሞች ዛሬም መለየት ይቻላል። ሲጸለይበት የነበረ ነሐስ ሩዝ መግዣ ሆነ ማለት ነው።

በሲቹዋን ደግሞ የሶንግ መንግሥት በነሐሱ ፋንታ የብረት ሳንቲም አስገደደ። ብረት ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ለትንሽ ዕቃ ብዙ ሳንቲም ይጠይቃል። ገበያ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ሺህ የሚያወጣ ነገር የገዛ ሰው ገንዘቡን መሸከም ይቸግረው ነበር። የቼንግዱ ነጋዴዎች ሳንቲሙን ተቀብለው በምትኩ ወረቀት መስጠት ጀመሩ። በ1024 መንግሥት ራሱ ያንን ወረቀት ማውጣት ጀመረ። በዓለም የመጀመሪያው የመንግሥት የወረቀት ገንዘብ እንዲህ ተወለደ፤ ሸክም በሰለቸው የገበያ ሰው ትከሻ ላይ።

የሶንግ የነሐስ ሳንቲም ግን ባሕር ተሻገረ። በ1080 ገደማ በዓመት አምስት ሚሊዮን ገመድ ይሠራ ነበር። ጃፓን ለዘመናት የራሷን ሳንቲም ትታ በቻይና ሳንቲም ነበር የምትገበያየው። በ1323 ወደዚያው ስትሄድ ኮሪያ አጠገብ የሰጠመች መርከብ ስትገኝ 28 ቶን ሳንቲም ነበራት። ወደኛ አቅጣጫም መጥቷል። በ1945 ዛንዚባር ላይ ከ170 በላይ የቻይና ሳንቲሞች ተቀብረው ተገኙ፤ አብዛኞቹ የሶንግ ናቸው። በ2013 ደግሞ ኬንያ ማንዳ ደሴት ላይ ከ1402 እስከ 1424 የነገሠው የንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ ሳንቲም ተገኘ። ቀዳዳዋ እንዳለ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዘመናት ታሪክ የሚያሳዝን ነው። በመጨረሻው ሥርወ መንግሥት፣ በቺንግ ዘመን፣ ግብር በብር ይተመናል፤ ገበሬው እህሉን ሸጦ የሚያገኘው ግን የመዳብ ሳንቲም ነው። በደንቡ አንድ ወቄት ብር በአንድ ሺህ ሳንቲም ይመነዘራል። በ1840ዎቹ ከሁለት ሺህ በላይ ደረሰ። እርሻው ያው፣ ጉልበቱ ያው፣ ግብሩ ግን እጥፍ ሆነ። ገቢው በአንድ ገንዘብ፣ ዕዳው በሌላ ገንዘብ የሆነበት ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ታይፒንግ በሚባለው ትልቅ የአመፅ ጦርነት ጊዜ፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ግምጃ ቤቱ ሲራቆት መንግሥት አንዱ አንድ ሺህ ያወጣል ብሎ ትልልቅ ሳንቲም አወጣ። የዋንግ ማንግ ቢላ ተመልሶ መጣ። ገበያው በጥቂት ጊዜ ውስጥ አልቀበልም አለ።

በ1889 ጓንዡ ላይ በእንፋሎት የሚሠራ የሳንቲም ማሽን ሥራ ጀመረ። ሳንቲሙ ጽድት ያለ ነበር፤ ሞረድ አልነካውም። ነገር ግን ካሬውን ቀዳዳ በማሽን መብሳት ወጪው ከሳንቲሙ ዋጋ በለጠ። ስለዚህ በ1900 ቀዳዳ የሌለው፣ አንዱ አሥር የሚያወጣ የመዳብ ሳንቲም መጣ። ትርፍ ስለነበረው ሌሎች ክፍለ ሀገሮችም ማሽን ገዙና ያለ ልክ ያትሙት ጀመር። ዋጋው ወረደ። የቀን ሠራተኛው የሚከፈለው በዚያው ሳንቲም ነበር።